ለሬፍራክተር ቴሌስኮፕ ፍላተነር ሲመርጡ፦ ከስሙና ከዋጋው በፊት ርቀቱን ይመልከቱ

በሬፍራክተር (ብርሃንን በሌንስ በሚሰበስብ) ቴሌስኮፕ የተነሳ የሰማይ ፎቶግራፍ መሀሉ ብቻ ሲታይ ሁልጊዜም ያማረ ነው። ጥራቱ የሚለየው ማዕዘኖቹ ላይ ነው። ምስሉን አጉልተው ወደ ጥግ ሲሄዱ፣ መሀል ላይ ክብና ጥቃቅን የነበሩት ከዋክብት ቀስ በቀስ እየሰፉ፣ እየረዘሙ፣ በመጨረሻም ሰረዝ እየመሰሉ ይመጣሉ። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ሲያዩ የተበላሸ ቴሌስኮፕ የተሸጠላቸው ይመስላቸዋል። ቴሌስኮፑ ግን ደህና ነው። ባለ ሁለትም ሆነ ባለ ሦስት ሌንስ፣ ተራ ሬፍራክተር ሁሉ ምስሉን የሚያሳርፈው እንደ ጎድጓዳ ሳህን በጎበጠ ገጽ ላይ ነው፤ የካሜራው ሴንሰር ደግሞ ዝርግ ነው። ሁለቱን የሚያስታርቀው ከፎከሰሩ (ትኩረት ለማስተካከል ከሚንቀሳቀሰው ቱቦ) በስተኋላ፣ ከካሜራው በፊት የሚገጠም ፊልድ ፍላተነር የሚባል ተጨማሪ ሌንስ ነው።

ገበያው ላይ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ማስታወቂያው ደግሞ ሁሉም ለሁሉም እንደሚሆን አድርጎ ያቀርበዋል። እኔ የምሟገትለት ነጥብ አንድ ነው፦ ፍላተነር ብቻውን ታይቶ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። ቴሌስኮፑ፣ ፍላተነሩ፣ ሴንሰሩና በፍላተነሩና በሴንሰሩ መካከል ያለው ርቀት እንደ አንድ ዕቃ መታየት አለባቸው። ውድ ፍላተነር በተሳሳተ ርቀት ከተገጠመ፣ ርካሹ በትክክለኛ ርቀቱ ተገጥሞ ከሚሰጠው የባሰ ምስል ይሰጣል። አዲስ አበባ ተቀምጦ ዕቃውን ከውጭ በሚመጣ ዘመድ እጅ ለሚያስመጣ ሰው ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል፤ ያልተስማማውን መልሶ መለወጥ ቀላል አይደለምና።

ጉብጠቱ ምን ያህል ነው?

ከመገመት ማስላት ይሻላል፤ ስሌቱም ከሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አያልፍም። ይህ ጉብጠት ዛሬም የሚጠራው በሃንጋሪ ተወልዶ በቪየና ያስተማረው የሒሳብ ሊቅ ጆሴፍ ፔትስቫል ስም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1840 ለፎቶግራፍ የነደፈው ሌንስ በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ ብዙ እጥፍ ብርሃን የሚያስገባ ነበር። ለእኛ ሥራ የሚበቃው ግምት የሚከተለው ነው። በአብዛኞቹ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ሌንስ ሬፍራክተሮች የጎበጠው ገጽ ራዲየስ የትኩረት ርዝመቱን (ከዋናው ሌንስ እስከ ምስሉ ያለውን ርቀት) አንድ ሦስተኛ ገደማ ይሆናል።

በጣም የተለመደውን 80 ሚሊ ሜትር ስፋትና 480 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርዝመት ያለውን፣ ማለትም ኤፍ 6 (የትኩረት ርዝመቱ ለስፋቱ ሲካፈል 6) የሆነውን ቴሌስኮፕ እንውሰድ። ራዲየሱ 160 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው መካከለኛ መጠን ያለው ሴንሰር ጥጉ ከመሀሉ 14 ሚሊ ሜትር ያህል ይርቃል። 14ን በራሱ አባዝተን ለራዲየሱ እጥፍ፣ ለ320 ስናካፍለው፣ ጥጉ ላይ ምስሉ ከሴንሰሩ 0.6 ሚሊ ሜትር ርቆ እንደሚያርፍ እናገኛለን። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ኤፍ 6 በሆነ ቴሌስኮፕ ትኩረቱ ሳይበላሽ የሚቆይበት ክልል ወደ ፊትም ወደ ኋላም 0.04 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ መሀሉ ላይ በትክክል ካተኮሩ የጥጉ ኮከብ (0.6 ለ6 ሲካፈል) 0.1 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ብዥታ ይሆናል፤ 3.76 ማይክሮን ፒክስል ባለው ካሜራ ላይ ይህ 27 ፒክስል ያህል ነው።

ያንኑ ስሌት ለሌሎች ሴንሰሮች ስንደግመው ልዩነቱ አፍጥጦ ይወጣል። ፉል ፍሬም የሚባለው ትልቁ ሴንሰር ጥጉ 21.6 ሚሊ ሜትር ስለሚርቅ ብዥታው ከ60 ፒክስል ያልፋል። እንደ ኤኤስአይ 533 ካሜራ ያለው፣ ጎኑ 11.3 ሚሊ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ሴንሰር ጥጉ 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ብዥታው ወደ 9 ፒክስል ይወርዳል። ፕላኔት ለመቅረጽ የሚያገለግሉት ጥቃቅን ካሜራዎች ደግሞ ጨርሶ ከክልሉ አይወጡም። የቴሌስኮፑ ርዝመትም የራሱ ድርሻ አለው፦ 900 ሚሊ ሜትር የትኩረት ርዝመት ባለው ኤፍ 7.5 ቴሌስኮፕ የኤፒኤስ-ሲው ጥግ ብዥታ 12 ፒክስል ገደማ ነው። አጭር ቴሌስኮፕና ትልቅ ሴንሰር በአንድ ላይ ሲመጡ ፍላተነር ግዴታ ነው፤ ረጅም ቴሌስኮፕና ትንሽ ሴንሰር ከሆነ ግን ረጋ ብሎ ማሰብ ይቻላል።

መጀመሪያ፦ ያስፈልግዎታል?

ጨረቃን፣ ፀሐይን ወይም ፕላኔቶችን ብቻ የሚያነሱ ከሆነ ገንዘብዎን ያቆዩ። በ480 ሚሊ ሜትር ቴሌስኮፕ የጨረቃና የፀሐይ ምስል 4.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ የሚሰፋ ስለሆነ ጉብጠቱ አይነካውም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ የታየውን ቀለበታማ የፀሐይ ግርዶሽ ያለ ፍላተነር ያነሳ ሰው በጉብጠቱ ምክንያት ያጣው ነገር የለም።

ትንሽ ሴንሰር ይዘው ኔቡላ (በሰማይ ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) የሚያነሱ ከሆነ ደግሞ ለጊዜው የሚያሻግር ዘዴ አለ። መሀል ላይ ባለ ኮከብ ከማተኮር ይልቅ ከመሀል ወደ ጠርዝ በሚወስደው መንገድ አንድ ሦስተኛው ላይ ባለ ኮከብ ያተኩሩ። ስህተቱ ለመሀሉና ለጥጉ ይከፋፈላል፤ ሁለቱም ጥቂት ይጎዳሉ እንጂ አንዱ ብቻውን አይበላሽም። የምስል ማቀናበሪያ ፕሮግራሞችም እየበረቱ መጥተዋል፤ በፒክስኢንሳይት ላይ የሚሠራው ብለርኤክስተርሚኔተር በጥቂቱ የረዘሙ ከዋክብትን መልሶ ክብ ያደርጋል። ይሁን እንጂ ሰፊ ቦታ ላይ የተበተነ ብርሃን ደካማ ዝርዝሮችን ይዞ ስለሚጠፋ፣ ፕሮግራምን በፍላተነር ምትክ ማየትን አልመክርም።

አንድ ነገር አስቀድሞ ይታወቅ፦ ፍላተነር የቀለም ጉድለትን አያርምም። በደማቅ ከዋክብት ዙሪያ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ቀለበት የሚያሳይ ቴሌስኮፕ ፍላተነር ሲገባለትም ያንኑ ያሳያል። ያ የዋናው ሌንስ ጉዳይ ነው።

ባለ 1 እጥፍ ፍላተነር ወይስ ሪዲውሰር?

ገዢዎችን በብዛት የሚያወዛግበው ምርጫ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ አየዋለሁ። ባለ 1 እጥፉ ጉብጠቱን ብቻ ያስተካክላል፤ የትኩረት ርዝመቱን አይነካም። ሪዲውሰር የሚባለው ደግሞ ጉብጠቱን እያስተካከለ ምስሉን ያሳንሳል፤ 0.8 እጥፍ በጣም የተለመደው ነው፣ 0.85ም ብዙ አለ፣ እስከ 0.6 የሚወርዱም አሉ።

የሪዲውሰር ማራኪነት ግልጽ ነው። 480 ሚሊ ሜትሩ ቴሌስኮፕ በ0.8 ሲባዛ 384 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ኤፍ 6 የነበረው ኤፍ 4.8 ይሆናል። እያንዳንዱ ፒክስል የሚያገኘው ብርሃን 1.56 እጥፍ ስለሚሆን፣ 94 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ሥራ በአንድ ሰዓት ይጠናቀቃል። ደመና በተደጋጋሚ በሚመጣበት ሰማይ ሥር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሚታየው የሰማይ ስፋትም ያድጋል፦ በኤፒኤስ-ሲ ሴንሰር ረጅሙ ጎን ከ2.8 ዲግሪ ወደ 3.5 ዲግሪ ይሰፋል። ሦስት ዲግሪ ገደማ የሚረዝመው የአንድሮሜዳ ጋላክሲ በመጀመሪያው ጫፎቹ ይቆረጣሉ፤ በሁለተኛው ዙሪያው ትንፋሽ ያገኛል።

ዋጋው ግን በሌላ በኩል ይከፈላል። ምስሉ ሲያንስ የምስሉ ክብም (ጥርት ያለው ምስል የሚያርፍበት ክብ ቦታ) አብሮ ያንሳል። በ0.8 ሪዲውሰር የኤፒኤስ-ሲ ጥግ ላይ የሚያርፈው ብርሃን፣ ቴሌስኮፑ ብቻውን ቢሆን ከመሀል 17.5 ሚሊ ሜትር ርቆ ያርፍ የነበረው ነው፤ ሌንሱ ደካማ ከሚሆንበት ጠርዝ ማለት ነው። ጥጎቹ መጨለማቸውም ይጨምራል። ከዚህ በላይ የሚያስቸግረው ደግሞ ለርቀት ስህተት ያለው ትዕግሥት ማነሱ ነው። ባለ 1 እጥፉ የአንድና የሁለት ሚሊ ሜትር ስህተትን ብዙ ጊዜ ሲችል፣ ሪዲውሰሩ በግማሽ ሚሊ ሜትር ያኮርፋል፤ ቅነሳው ሲበረታ ኩርፊያውም ይበረታል። በተጨማሪም ሪዲውሰር የትኩረት ነጥቡን ወደ ቴሌስኮፑ ስለሚስበው የፎከሰሩ ቱቦ ወደ ውስጥ በበቂ ሁኔታ መግባት መቻሉን ከመግዛት በፊት ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

«ፈጣን» የሚለው ቃልም ሰውን ያሳስታል። የሌንሱ ስፋት 80 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ሪዲውሰር ከገባም በኋላ 80 ሚሊ ሜትር ነው። ከአንድ ጋላክሲ የሚሰበሰበው ጠቅላላ ብርሃን አልጨመረም፤ በጥቂት ፒክስሎች ላይ ተጠጋግቶ ሰፈረ እንጂ። የሚያነሱት ነገር ትንሽ ከሆነና በኋላ ምስሉን ቆርጠው የሚያጎሉት ከሆነ ያተረፉት እምብዛም ነው። ዝርዝሩም ይቀንሳል፦ በ3.76 ማይክሮን ፒክስል አንድ ፒክስል 1.6 የቅስት ሰከንድ (የዲግሪ 3600ኛ) ይይዝ የነበረው ወደ 2 ይደርሳል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ኤፒኤስ-ሲ ወይም ከዚያ የሚያንስ ካሜራ ይዞ የመጀመሪያ ፍላተነሩን የሚገዛ ሰው ባለ 1 እጥፉን ቢወስድ ይሻለዋል፤ ቶሎ ይስተካከላል፣ ቶሎ ወደ ሥራ ያስገባል። ቴሌስኮፑ እንደ ስካይ-ዋቸር 80ኢዲ 600 ሚሊ ሜትር የሚረዝምና ኤፍ 7.5 ከሆነ ግን ሐሳቤን እለውጣለሁ። ለእሱ ተብሎ የተሠራው ባለ 0.85 ሪዲውሰር ወደ 510 ሚሊ ሜትር ያወርደዋል፤ ቅነሳው ለስለስ ያለ፣ ጥቅሙም የሚታይ ነው። ፉል ፍሬም ካሜራ ላላቸው ደግሞ አምራቹ የምስሉ ክብ 44 ሚሊ ሜትር መድረሱን በጽሑፍ ያልገለጸበትን ሪዲውሰር አይንኩ እላለሁ።

ለቴሌስኮፑ የተሠራ ወይስ ለሁሉም የሚሆን?

የጉብጠቱ መጠን ከትኩረት ርዝመቱ ጋር የተሳሰረ መሆኑን አይተናል። ስለዚህ አንድ ፍላተነር ለ350ውም ለ900ውም ሚሊ ሜትር እኩል ሊሆን አይችልም። የቴሌስኮፑ አምራች ለዚያው ሞዴል ያዘጋጀው ካለ፣ ዋጋው ትንሽ ቢበልጥም ቀዳሚው ምርጫ እሱ ነው፤ ርቀቱ ተሰልቷል፣ የሚጠመዘዝበት ጥርስ ይገጥማል። ሐቀኛ የሆኑ አምራቾች ወሰኑን ራሳቸው ይናገራሉ። ቴሌ ቪው ባለ 0.8 ሪዲውሰሩን ከ400 እስከ 600 ሚሊ ሜትር ለሚደርሱ ሬፍራክተሮች ብሎ ወስኖታል። የጀርመኑ ቲኤስ ኦፕቲክስ ባለ 2 ኢንች ፍላተነር ደግሞ ለተለያዩ ቴሌስኮፖች ሲያገለግል ርቀቱ ይቀያየራል፦ ለአጭሮቹ 128 ሚሊ ሜትር፣ ለረጅሞቹ 108 ሚሊ ሜትር ድረስ። እንዲህ ዓይነት ሠንጠረዥ የሌለውና «ከኤፍ 5 እስከ ኤፍ 8 ለሁሉም» ብቻ የሚል ፍላተነር ካጋጠመዎት፣ በተመሳሳይ ቴሌስኮፕና በተመሳሳይ ሴንሰር የተነሳ ያልተቆረጠ ፎቶግራፍ ፈልገው ጥጎቹን ሳያዩ አይክፈሉ።

በመካከል ደስ የሚለኝ ዓይነት አለ፦ ርቀቱ በራሱ ቀለበት የሚስተካከል። የዊልያም ኦፕቲክስ ፍላት 6ኤ 3 ይህን ያደርጋል፤ ባለ 0.8 ነው። ለ61 ሚሊ ሜትሩ ቴሌስኮፕ ደግሞ ባለ 1 እጥፉ ፍላት 61ኤ አለ። ቀለበቱ ሲዞር በላዩ የተቀረጸው የሚሊ ሜትር መስመር ይንቀሳቀሳል፣ በብሎን ይጠበቃል። የግማሽ ሚሊ ሜትር ስፔሰር (ርቀት የሚጨምር ስስ ቀለበት) ሱቅ ወርዶ መግዛት በማይቻልበት አገር ይህ ቀለበት የብዙ ሳምንት ጥበቃን ያስቀራል።

ስለ አገጣጠምም አንድ ቃል። በ2 ኢንች አፍንጫ ተሰክቶ በብሎን የሚጠበቅ ፍላተነር ከጎን ሲገፋ ሊዛመም ይችላል፤ ሆቴክ ይህን ለመከላከል ሲጠበቁ እኩል የሚሰፉ የጎማ ቀለበቶችን ተጠቅሟል። በጥርስ ፎከሰሩ ላይ የሚጠመዘዝ ግን ከሁሉም ይሻላል። ካሜራው በከበደ ቁጥር ይህ ይበልጥ እውነት ይሆናል።

55 ሚሊ ሜትር

ብዙ ፍላተነሮች ከመጨረሻው ጥርሳቸው እስከ ሴንሰሩ 55 ሚሊ ሜትር ይጠይቃሉ። ቁጥሩ የመጣው ከአሮጌው የቲ-ማውንት፣ ማለትም የካሜራ ማያያዣ ጥርስ፣ ልክ ነው። የካኖን ኢኤፍ ካሜራ ሴንሰሩ ከአፉ 44 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይርቃል፤ 11 ሚሊ ሜትር የሚሆነው የቲ-ቀለበት ሲጨመር 55 ይሞላል። የኒኮን ኤፍ 46.5 ነው፤ ቀለበቱ 8.5 ይሆናል። ስለዚህ ባለ መስታወት (ዲኤስኤልአር) ካሜራ ያለው ሰው ትክክለኛውን ቀለበት ከገዛ ሥራው አልቋል ማለት ይቻላል። ለፉል ፍሬም ከኤም 42 (ጥርሱ 42 ሚሊ ሜትር ከሚሰፋው) ይልቅ ሰፋ ያለውን የኤም 48 ቀለበት ይምረጡ፤ ጠባቡ ጥጎቹን ያጨልማል።

ማቀዝቀዣ ያላቸው የአስትሮኖሚ ካሜራዎች ስሌቱን ለእርስዎ ይተዉታል። ኤኤስአይ 2600ን ብንወስድ፣ ሴንሰሩ ከካሜራው ፊት 17.5 ሚሊ ሜትር ነው። ከካሜራው ጋር የሚመጡት የ21 እና የ16.5 ሚሊ ሜትር ቀለበቶች ሲደመሩ ልክ 55 ይሆናል። በፍላተነሩና በሴንሰሩ መካከል ፊልተር ከገባ ግን ብርሃኑ በመስታወቱ ውስጥ ስለሚታጠፍ የሚፈለገው ርቀት በፊልተሩ ውፍረት አንድ ሦስተኛ ይጨምራል። ባለ 2 ሚሊ ሜትር ፊልተር 0.7 ገደማ ይጨምራል፤ 55 የነበረው 55.7 ይሆናል ማለት ነው። ከፍላተነሩ በፊት፣ ወደ ቴሌስኮፑ በኩል የተገጠመ ፊልተር ይህን አያስከትልም። የፊልተር መሳቢያ ወይም መንኮራኩር ካለ ውፍረቱ ከ55ቱ ውስጥ ይቆጠራል። ርካሽ ቀለበቶች ላይ የተጻፈው ቁጥር ሁልጊዜ አይታመንም፤ በካሊፐር መለካት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ስለዚህ በጀት ሲይዙ የፍላተነሩን ዋጋ ብቻ አይያዙ። ቀለበቶቹን፣ ከ0.3 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ያሉትን ስስ ስፔሰሮችና አዳፕተሩን በአንድ ጊዜ ይዘዙ። በተለይ በሰው እጅ የሚያስመጡ ከሆነ ሁለተኛ ጭነት መጠበቅ ማለት አንድ የበጋ ወቅት ማጣት ሊሆን ይችላል።

ያለ ፍላተነር የሚሠራ ቴሌስኮፕ

ቴሌስኮፑን ገና ያልገዙ ከሆነ ሌላ በር ክፍት ነው። የፔትስቫልን ሐሳብ ተከትለው ማረሚያውን በውስጣቸው ይዘው የተሠሩ ቴሌስኮፖች አሉ፦ የዊልያም ኦፕቲክስ ሬድካት 51 (250 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 4.9)፣ የአስካር ኤፍአርኤ 400 (72 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ ኤፍ 5.6)፣ በላይኛው እርከን ደግሞ የታካሃሺ ኤፍኤስኪው-106 (530 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 5)። በእነዚህ ላይ 55 ሚሊ ሜትር የሚባል ጣጣ የለም፤ ትኩረቱ እስከተገኘ ድረስ ካሜራው የትም ይሁን። ጉድለታቸው ለዚያው ስፋት ዋጋቸው መብለጡና፣ ውስጣቸው ያሉት ሌንሶች ከቦታቸው ከተናጉ በቤት ውስጥ ማስተካከል አስቸጋሪ መሆኑ ነው። ያም ሆኖ ካሜራ ለመለዋወጥ ለሚያስብና በሚሊ ሜትር ስሌት መጨነቅ ለማይፈልግ ሰው እነሱን ከማመስገን አልቆጠብም።

ለኢትዮጵያ ሰማይ ምርጫው ሌላ ገጽታ አለው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ስለምትርቅ የሰሜኑም የደቡቡም ሰማይ ይታያታል። ሁለት ዲግሪ ገደማ የሚሰፋው የካሪና ኔቡላ በየካቲትና በመጋቢት እኩለ ሌሊት አካባቢ በደቡብ አድማስ ላይ 21 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል፤ ለ384ቱም ለ480ውም ሚሊ ሜትር ይስማማል። ትልቁ የማጄላን ደመና ግን አሥር ዲግሪ ገደማ ስለሚሰፋ በሪዲውሰርም አይገባም፤ እሱን በአንድ ፍሬም የሚመኝ ሰው ከቴሌስኮፕ ይልቅ የካሜራ ሌንስ ቢፈልግ ይሻላል። የኦሪዮን ኔቡላ አንድ ዲግሪ ገደማ ነው፤ ባለ 1 እጥፉ ያለ ችግር ይይዘዋል።

ዕቃው ከመጣ በኋላ

በመጀመሪያው ምሽት ወደ ኔቡላ አይቸኩሉ። ከዋክብት የበዙበትን ቦታ፣ ለምሳሌ ፍኖተ ሐሊብ የሚያልፍበትን፣ በ30 ሰከንድ ያንሱና አራቱን ጥጎች አጉልተው ይመልከቱ። በአብዛኞቹ ፍላተነሮች የጥጉ ከዋክብት ከመሀል ወደ ውጭ እንደሚበተኑ ጨረሮች ከረዘሙ ሴንሰሩ ቀርቧል ማለት ነው፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይጨምሩ። መሀሉን እንደሚዞሩ ቅስቶች ከሆኑ ርቋል፤ ይቀንሱ። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ እንደገና ማተኮርን አይርሱ፤ አለዚያ የትኩረት ስህተትን የርቀት ስህተት አድርገው ያነቡታል።

አንዱ ጥግ ወይም አንዱ ጎን ብቻ ተበላሽቶ ሌሎቹ ደህና ከሆኑ ስፔሰር መጨመርም መቀነስም አይረዳም፤ ካሜራው ዘሟል። ማያያዣዎቹን አጥብቀው፣ ካሜራውን ግማሽ ዙር አዙረው ድጋሚ ያንሱ። የተበላሸው ጥግ በምስሉ ላይ ባለበት ከቀረ መዛመሙ ከካሜራው ነው፤ ወደ ተቃራኒው ከዞረ ከፎከሰሩ ወይም ከፍላተነሩ ነው። በምስሉ ሁሉ፣ መሀሉም ሳይቀር፣ ከዋክብት ወደ አንድ አቅጣጫ ከረዘሙ ደግሞ ፍላተነሩን ይተዉትና ሰማዩን የሚከታተለውን ማውንት ይመርምሩ።